ሃይድሮጅን እንደ ከሰል ነው፤ ለዳቦ ቤት አይሆንም

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ዳቦ ቤት አለኝ። ምድጃዬ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይሄዳል። አንዳንዴ ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ ነው የሚጠፋው። ያኔ ጀነሬተር አስነሳለሁ፤ የናፍጣው ወጪ ግን ትርፌን በላው። ሰሞኑን አንድ ሻጭ መጣ። ከውሃ ሃይድሮጅን የሚያወጣ ማሽን አለኝ፤ መብራት ሲኖር ጋዙን ያጠራቅማል፣ ሲጠፋ መልሶ መብራት ይሰጣል፣ ምድጃም ያነድዳል አለኝ። ‹አብሽር፣ የሚጠጣው ውሃ ብቻ ነው› ነው ያለው። ቀብድ ክፈል እያለኝ ነው። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ የወደፊቱ የዓለም ነዳጅ ሃይድሮጅን ነው፣ ኢትዮጵያም በግድቡ ኃይል አምርታ ልትሸጠው ነው ይላል። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?»

ምላሽ፦ ይቅርብዎ። አይግዙት።

ምክንያቱን ረዘም አድርጌ የምጽፈው ሻጩም የባለቤትዎ ወንድምም ከተናገሩት ውስጥ እውነት ስላለበት ነው። እውነቱ ግን የእርስዎ ዳቦ ቤት ውስጥ አይደለም። እኔ በኬሚካል ምህንድስና የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ሃይድሮጅን ትልቅ ነገር እንደሆነ አምናለሁ። በማይሆን ቦታ ሲሸጥ የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ «ነዳጅ» የሚለውን ቃል እናስተካክል። ናፍጣ ከመሬት ይወጣል፤ ጉልበቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ሃይድሮጅን ግን በውሃ ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ተጣብቆ ነው ያለው። ውሃ የተቃጠለ ነገር ነው። አመድ ማለት ነው። አመዱን መልሶ እንጨት ለማድረግ ኤሌክትሪክ ማፍሰስ አለብዎት። ስለዚህ ማሽኑ የሚጠጣው ውሃ ብቻ አይደለም፤ በዋናነት የሚጠጣው መብራት ነው። የውሃው ሂሳብ ከመብራቱ ሂሳብ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም።

ለዚህ የሚቀርበው ምሳሌ ከሰል ነው። ከሰል ከእንጨት ይሠራል። ሲከስል ግን የእንጨቱ አብዛኛው ጉልበት እዚያው ጉድጓዱ ላይ ጢስ ሆኖ ይቀራል። የሚተርፈው ቀላል፣ ጢስ የሌለው፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጭኖ ከባቲ ደሴ የሚሄድ ነገር ነው። ለጀበና ቡና ከሰል ትክክለኛ ነው፤ ሳሎን ውስጥ እንጨት ማንደድ አይቻልምና። በአንድ ድግስ ላይ ወጡን በሙሉ በከሰል ልሥራ የሚል ሰው ግን አናይም። ሃይድሮጅንም ከኤሌክትሪክ የተከሰለ ከሰል ነው። የሚያዋጣው ኤሌክትሪክ ራሱ ገብቶ ሊሠራው የማይችል ሥራ ሲኖር ብቻ ነው።

አሁን በቁጥር እንየው። በቆጣሪዎ ላይ የሚቆጠረው አሃድ ኪሎ ዋት ሰዓት ይባላል። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከውሃ ለማውጣት ከ50 እስከ 55 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ያ አንድ ኪሎ በውስጡ የሚይዘው ጥቅም ላይ የሚውል ጉልበት ደግሞ 33 ገደማ ነው። መልሶ ወደ መብራት የሚቀይረው ፊውል ሴል የሚባለው ዕቃ ከዚያ ግማሹን ያህል ብቻ ይሰጥዎታል፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። 55 ገብቶ 16 ወይም 17 ይወጣል ማለት ነው። ይህ በጥሩ ማሽን ነው። ትናንሾቹ ማሽኖች ከዚህም ያነሱ ናቸው።

ወደ ዳቦ ቤትዎ እናምጣው። መብራት ለሦስት ሰዓት ጠፋ እንበል። የሊጥ ማቡኪያውና አምፖሎቹ በአንድነት 2 ኪሎ ዋት ቢወስዱ በሦስት ሰዓት 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋሉ። ይህን ከሃይድሮጅን ለማግኘት ቀደም ብለው 20 ያህል ከቆጣሪ ማስገባት ነበረብዎት። ከባትሪ ለማግኘት ግን 7 ይበቃል። ልዩነቱን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት፤ ያውም መብራት በጠፋ ቁጥር። ማሽኑ በነጻ ቢሰጥዎት እንኳ የመብራት ሂሳቡ ከባትሪው ይበልጣል።

ምድጃውን ማንደዱ ደግሞ ይብሳል። ምድጃዎ የኤሌክትሪክ ነው ብለዋል። 55 ኪሎ ዋት ሰዓት በቀጥታ ወደ ምድጃው ቢገባ በሙሉ ማለት ይቻላል ሙቀት ይሆናል። በሃይድሮጅን በኩል ካዞሩት 33 ይቀርዎታል። ከዚያ ላይ አዲስ ማቃጠያ አፍ፣ አዲስ ቧንቧ፣ አዲስ የጢስ ማውጫ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ሰው ኤሌክትሪኩን ጋዝ አድርጎ፣ ጋዙን መልሶ አንድዶ ዳቦ ሊጋግር የሚችልበት አንድም የሚያዋጣ መንገድ አላየሁም።

«ጋዙን ያጠራቅማል» የሚለውስ? ሃይድሮጅን ከነገሮች ሁሉ ቀላሉ ነው። ለዚያች ለሦስት ሰዓት ሥራ የሚበቃው 360 ግራም ገደማ ነው፤ በሚዛን ሲያዩት ከአንድ ዳቦ ብዙም አይርቅም። ሳይታመቅ ከተቀመጠ ግን ከ20 በርሜል በላይ ቦታ ይይዛል። ለዚህ ነው ሃይድሮጅን የሚጭኑ መኪኖች በ350 ወይም በ700 ባር ግፊት የሚያምቁት። 350 ባር ማለት ከአይሱዙ ጎማ ግፊት 50 እጥፍ ያህል ነው። ወደ ፈሳሽ መቀየርም ይቻላል፤ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ማቀዝቀዝ ይጠይቃል። በብረት ዱቄት ውስጥ አስርጎ የማስቀመጥ ዘዴም አለ፤ ከባድና ውድ ነው። ሻጩ ከእነዚህ የትኛውን እንደሚጠቀም አልነገረዎትም። ልብ ይበሉ፣ ያልነገረዎት ትልቁን ወጪና ትልቁን አደጋ ነው።

አደጋውን ሳላስፈራራ ልንገርዎት። ፋብሪካዎች ሃይድሮጅንን ከመቶ ዓመት በላይ በሰላም ይዘውታል። ሊያዝ ይችላል። የሚያዘው ግን በሠለጠነ ሰው፣ በጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ፣ አየር እንደ ልብ በሚገባበት ቦታ ነው። ሃይድሮጅን ሽታ የለውም፤ ቀለምም የለውም። ሲነድድ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። የሲሊንደር ጋዝ እሳት የሚይዘው አየሩ ውስጥ ከ2 እስከ 10 በመቶ ገደማ ሲሆን ነው። ሃይድሮጅን ከ4 በመቶ እስከ 75 በመቶ ድረስ ይይዛል። የሚያስነሳው ብልጭታም በጣም ትንሽ ነው፤ የመብራት ማጥፊያ ሲነካ የምትወጣው ብልጭታ ትበቃዋለች። ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ሜዳ ላይ ይህ ጥሩ ነው፤ በኖ ይጠፋል። ኮርኒስ ባለው ቤት ግን እላይ ይጠራቀማል። ዳቦ ቤት ደግሞ የጋለ ምድጃ፣ ሞተርና የመብራት ማጥፊያ በአንድ ክፍል የተሰበሰቡበት ቤት ነው። ይህን ጋዝ ከማስገባባቸው ቤቶች የመጨረሻው ዳቦ ቤት ነው።

አንድ የራሴን ላንሳ። ከዓመታት በፊት ደሴ አንድ ጋራዥ ገብቼ አይሱዙ ላይ የተገጠመ «የውሃ ጋዝ» ዕቃ አሳዩኝ። ከመኪናው ባትሪ መብራት እየወሰደ ውሃ ይሰነጥቃል፤ የሚወጣውን ጋዝ ወደ ሞተሩ ይልካል፤ ናፍጣ ይቆጥባል ተብሎ ነበር የተሸጠው። ሾፌሩ ሁለት ወር ነድቶበታል። ዕቃው የፕላስቲክ ነበር፤ በሙቀቱ ተሰንጥቆ ውስጡ ያለው ፈሳሽ የረዳቱን እጅ አቃጥሎታል። ናፍጣውም አልቀነሰም። ሊቀንስም አይችልም። መብራቱን የሚሰጠው ዲናሞ የሚዞረው በዚያው ናፍጣ ነው። ከአንዱ ኪስ አውጥቶ፣ በመንገድ ግማሹን ጥሎ፣ ሌላው ኪስ ውስጥ መክተት ነው። በዚያ ዕቃ ውስጥ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተቀላቅለው ነበር የሚወጡት። ይህ ቅልቅል የሚፈነዳ ነገር ነው፤ በምንም ዕቃ ውስጥ ሊጠራቀም አይገባም። የእርስዎ ሻጭ የሚያመጣው ማሽን ሁለቱን ጋዞች ለይቶ የማያወጣ ከሆነ ወደ ግቢዎም አያስገቡት።

ወጣቶች ቪዲዮ አይተው በጨው ውሃ ሲሞክሩም አያለሁ። እባካችሁ ተዉት። በውሃው ውስጥ የምግብ ጨው ካለ ከአንደኛው ጫፍ የሚወጣው ክሎሪን ነው፤ ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው። ማይዝግ ብረት የተባለውም እዚያ ውስጥ ሲበላ ካንሰር የሚያመጣ ክሮሚየም ይለቃል። እውነተኛ ኤሌክትሮላይዘር፣ ማለትም ውሃ የሚሰነጥቀው ማሽን፣ ማዕድኑ ሁሉ የወጣለት ንጹሕ ውሃ ነው የሚፈልገው። የቧንቧችንና የጉድጓድ ውሃችን በቀጥታ ከገባበት ማሽኑ ቶሎ ይበላሻል። በሌላ በኩል ሃይድሮጅን የቦርከናን ወንዝ ያደርቃል የሚሉ ሰዎችም ተሳስተዋል። ለአንድ ኪሎ ሃይድሮጅን 9 ሊትር ውሃ ይሰነጠቃል። ማጣሪያውና ማቀዝቀዣው ሲጨመር ከ20 እስከ 30 ሊትር ይደርሳል። ውሃ በሌለበት አገር ይህ ያሳስባል። እኛ ጋ ግን ቀድሞ የሚያልቀው መብራቱ ነው።

እንግዲህ ሃይድሮጅን የት ነው ቦታው? የባለቤትዎ ወንድም ያነሱት ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዓለም ዛሬም በዓመት ከ95 ሚሊዮን ቶን በላይ ሃይድሮጅን ታመርታለች። «የወደፊት» ሲባል ገና ያልተጀመረ ይመስላል እንጂ አሮጌ ኢንዱስትሪ ነው። አብዛኛው የሚሄደው ድፍድፍ ነዳጅ ለማጣራት፣ ለማዳበሪያና ሜታኖል ለሚባለው ኬሚካል ነው። ችግሩ አመራረቱ ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚወጣው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። ከተፈጥሮ ጋዝ አንድ ኪሎ ሲወጣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብሮ ይወጣል፤ ከድንጋይ ከሰል ሲሆን 20 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። አነስተኛ ካርቦን ያለው የሚባለው ከጠቅላላው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከውሃ በንጹሕ ኤሌክትሪክ የሚወጣው ነው፤ አረንጓዴ ይሉታል። ሌላው ከጋዝ ተሠርቶ ካርቦኑ ተይዞ ከመሬት በታች የሚቀበረው ነው፤ ሰማያዊ ይሉታል። ሰማያዊው ንጹሕ የሚሆነው ካርቦኑ በእርግጥ ከተያዘና ጋዙ ከጉድጓድ እስከ ፋብሪካ ካልሾለከ ብቻ ነው። ሃይድሮጅን ራሱም ቢሾልክ በተዘዋዋሪ ምድርን ያሞቃል። ስለዚህ «ሃይድሮጅን ነው» ማለት «ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም። ከምን ወጣ? ብለው ይጠይቁ።

የዓለም የመጀመሪያ ሥራ መሆን ያለበት ይህንን ቆሻሻውን 95 ሚሊዮን ቶን ማጽዳት ነው። አዲስ ሥራ መፍጠሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ለወሎ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚመለከተን አንድ ነገር አለ፤ ማዳበሪያ።

ገበሬያችን የሚያውቀው ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ ከሃይድሮጅንና ከአየር ናይትሮጅን። ለአንድ ኩንታል ዩሪያ 10 ኪሎ ያህል ሃይድሮጅን ይገባል። የቦረናም ይሁን የኩታበር ገበሬ አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት በአህያ ጭኖ ሲሄድ አምስት ኪሎ ሃይድሮጅን የፈጀ ዕቃ ማሳው ላይ ሊበትን እየሄደ ነው። ይህን ሥራ ባትሪ አይሠራውም፤ ሶላርም በቀጥታ አይሠራውም። ሃይድሮጅኑ እዚያ የሚገባው እንደ ጉልበት አይደለም፤ የዕቃው አካል ሆኖ ነው። የጀበናው ከሰል ያልኩት ይህ ነው። ማዳበሪያ በመርከብ ጅቡቲ መጥቶ፣ በዶላር ተገዝቶ፣ ክረምት ሲገባ ደረሰ አልደረሰ እየተባለ በሚጠበቅበት አገር ሃይድሮጅንን ዳቦ ቤት ውስጥ መፈለግ ያሳዝነኛል።

ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የተሞከረ ነው። ኖርዌይ ከ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፏፏቴ ኤሌክትሪክ ከውሃ ሃይድሮጅን እያወጣች ለአሥርት ዓመታት ማዳበሪያ ሠርታለች። ግብፅ አስዋን ላይ ኪማ የሚባል ፋብሪካ በ1960ዎቹ ከአስዋን ግድብ ኤሌክትሪክ እየወሰደ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ዚምባብዌም ክዌክዌ ከተማ ላይ ሴብል የተባለው ፋብሪካ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኤሌክትሪክ አሞኒያ እየሠራ አሞኒየም ናይትሬት ማዳበሪያ ያመርት ነበር። አፍሪካ ውስጥ፣ በአፍሪካ ወንዝ፣ ለአፍሪካ ገበሬ። ይህን ታሪክ ሳነብ ልቤ ይሞቃል።

የሦስቱንም መጨረሻ ግን መናገር አለብኝ። ኖርዌይ በርካሽ ጋዝ ተሸነፈችና ኤሌክትሮላይዘሮቹን ዘጋች። ኪማ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞረ። ሴብል እ.ኤ.አ. በ2015 አካባቢ ኤሌክትሮላይዘሩን አቆመ፤ አገሩ መብራት አጥሮት ነበር፤ ዋጋውም አልተቻለም። ሦስቱንም የጣላቸው የኤሌክትሪክ ዋጋ ነው፤ ዕውቀትና ውሃ ነበራቸው። ስለ አረንጓዴ ሃይድሮጅን የሚነገር ማንኛውም ተስፋ በዚህ ጥያቄ ላይ ይቆማል ወይም ይወድቃል፤ መብራቱ ስንት ነው? በዓመት ስንት ሰዓትስ ይገኛል?

በእኛ አገር ሂሳቡን ላስላው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ በዓመት ይሰጣል ተብሎ የታቀደው ደግሞ ወደ 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ይጠጋል፤ አንድ ጊጋ ዋት ሰዓት ማለት አንድ ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አንድ ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ከኤሌክትሪክ እንሥራ ብንል 100 ሺህ ቶን ሃይድሮጅን ያስፈልጋል። ለሃይድሮጅኑ ብቻ 5,300 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ከግድቡ የዓመት ምርት አንድ ሦስተኛው ማለት ነው። ይህን ቁጥር ሳይ ሁለት ስሜት ይሰማኛል። በአንድ በኩል የማይቻል አይደለም። በሌላ በኩል ከሕዝባችን ግማሽ ገደማው ገና መብራት አላየም፤ እናቶቻችን ከጦሳ ተራራ ጀርባ እንጨት ተሸክመው ይመጣሉ። ያ መብራት መጀመሪያ ለማን ይሂድ? ለእኔ መልሱ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ለቤት፣ ለኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ለፋብሪካ፣ ለውሃ ፓምፕ። የሚተርፈው ሲኖር ለማዳበሪያ።

«ክረምት ላይ ግድቦች ይሞላሉ፤ ትርፉን እንጠቀም» የሚል ሐሳብም ይነሳል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ጉድለቱን ግን እርስዎ ከማንም በላይ ይረዱታል። በዓመት አራት ወር ብቻ የሚጋግር ዳቦ ቤት ያስቡ። ኪራዩና የምድጃው ዕዳ የአሥራ ሁለት ወር ነው። ኤሌክትሮላይዘርም ውድ ዕቃ ነው፤ ቆሞ ከዋለ የእያንዳንዱ ኪሎ ዋጋ ይሰቀላል። የአሞኒያ ፋብሪካው ደግሞ ማቆምና ማስነሳት አይወድም።

ሌላም አለ። ዩሪያ ካርቦን ይፈልጋል፤ ለአንድ ኩንታል 73 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ከጋዝ ሲሠራ ካርቦኑ እዚያው ይገኛል። ከውሃ ሲሠራ ግን ከየት ይምጣ? ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጢስ መያዝ ይቻላል፤ ወጪ አለው። አለበለዚያ እንደ ዚምባብዌው አሞኒየም ናይትሬት መሥራት ነው። እሱ ደግሞ በአያያዝ ከተበደለ ይፈነዳል፤ ቤይሩት ወደብ ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 የሆነው እሱ ነው። መንግሥት ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ጋር ለጎዴ የተፈራረመው የዩሪያ ፋብሪካ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን እንዲያመርት የታሰበ ሲሆን ጥሬ ዕቃው የኦጋዴን የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ንጹሕ ሃይድሮጅን አይደለም። ገበሬው ማዳበሪያውን በጊዜው ካገኘ ግን አልቃወመውም። የምለው፣ ካርቦኑን የመያዝ ነገር ከመጀመሪያው በንድፉ ውስጥ ይግባ ነው። በኋላ መጨመር ሁልጊዜ ይከብዳል።

ስለ ሌሎቹ አጭር ልበል። ብረት ከአፈሩ ለማቅለጥ ሃይድሮጅን ተስፋ አለው፤ ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ እየሞከረችው ነው። የእኛ ፌሮ ግን በአብዛኛው ከቁርጥራጭ ብረትና ከውጭ ከሚመጣ ቢሌት (በከፊል የተሠራ የብረት ግንድ) ነው የሚሠራው፤ ለሱ ኤሌክትሪክ ምድጃ ይበቃል። በመኪና በኩል ሃይድሮጅን ተሸንፏል ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ሼል እ.ኤ.አ. በ2024 ካሊፎርኒያ ውስጥ የነበሩትን የቤት መኪና ሃይድሮጅን ማደያዎች ዘጋ። ኒኮላ የተባለው የሃይድሮጅን ከባድ መኪና አምራች በ2025 ኪሳራ አወጀ። ጀርመን ውስጥ የሃይድሮጅን ባቡር ቀድሞ ያስገባው ግዛት ለወደፊቱ የባትሪ ባቡር እንደሚገዛ አስታወቀ። እኛ ደግሞ ዕድለኞች ነን፤ የአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያ መስመር ሲሠራ ከላይ ሽቦ ተዘርግቶለት በኤሌክትሪክ እንዲሄድ ነው። እሱን ማስጀመር ከየትኛውም የሃይድሮጅን ባቡር ይበልጣል። ወደ አውሮፓ መሸጡን በተመለከተ፣ ባሕር በር የሌለው አገር ይህን ጋዝ አምቆ ወይም አሞኒያ አድርጎ ወደብ ማድረስ አለበት፤ በሽቦ ለጎረቤት መብራት መሸጥ ደግሞ አሁንም እየሠራን ያለነው ነው። ከሁለቱ የትኛው ቀላል እንደሆነ የባለቤትዎን ወንድም ይጠይቁልኝ።

ወደ እርስዎ ችግር ልመለስ። እኔ ብሆን የማደርገው ይህን ነው።

መጀመሪያ ለአንድ ወር መብራት የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት ግድግዳ ላይ ይጻፉ። የናፍጣውንም ሊትር አብረው ይጻፉ። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ዕቃ ይገዛል። ከዚያ ጭነቱን ለሁለት ይክፈሉት። ማቡኪያው፣ መብራቱ፣ ማራገቢያውና ሚዛኑ አንድ ወገን ናቸው፤ ምድጃው ሌላ ወገን ነው። ምድጃው ብቻውን ከሌሎቹ ሁሉ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አሁን መብራት ሲጠፋ ለማቡኪያና ለአምፖል ብለው ትልቁን ጀነሬተር እያስነሱ ከሆነ ናፍጣው የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። ጀነሬተር በትንሽ ጭነት ሲሠራ ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚበላው ናፍጣ በጣም ይጨምራል።

ስለዚህ ለትንሹ ወገን ባትሪና ኢንቨርተር ይግዙ። ከላይ ባነሳሁት ስሌት 10 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ለሦስትና አራት ሰዓት ይበቃል። ዓይነቱ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ይሁን። በሺዎች ለሚቆጠሩ ጊዜያት ይሞላል፤ ከሌሎቹ ሊቲየሞችም በእሳት በኩል የተሻለ ጨዋ ነው። የመኪና ባትሪ ደርድረው እንዳይጀምሩ፤ ለዚህ ሥራ አልተሠራም፤ ዓመትም ላይቆይ ይችላል። ማቡኪያዎ በሦስት መስመር የሚሠራ ከሆነ ኢንቨርተሩም እንዲሁ መሆን አለበት፤ ሞተር ሲነሳ የሚስበውን ጉልበት መቻሉን ጭምር ይጠይቁ። ባትሪውን ከምድጃው ሙቀት አርቀው ያስቀምጡ። የዱቄት ብናኝም አይድረስበት።

ጣሪያዎ ፀሐይ የሚያገኝ ከሆነ ሶላር ይጨምሩበት። የኮምቦልቻ ፀሐይ የታወቀ ነው፤ አንድ ኪሎ ዋት ፓኔል በአማካይ በቀን 4 ያህል ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ክረምት ሲደምን ይቀንሳል። ይህ ሁለተኛ ደረጃ ነው። በ2014 ዓ.ም. እንዳየነው መብራት ለሳምንታት ቢጠፋ ግን ልዩነት የሚያመጣው ሶላሩ ነው፤ የሃይድሮጅን ማሽንም ያን ጊዜ ያለ መብራት ባዶ ጋን ነው።

ለምድጃው የባትሪ ምክር የለኝም። 15 ኪሎ ዋት የሚስብ ምድጃ ለሦስት ሰዓት 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ያን የሚሸከም ባትሪ ዛሬ ለአንድ ዳቦ ቤት ከባድ ዕዳ ነው። ለእሱ ጀነሬተርዎን ያስቀሩት። የሚነሳው ግን ለምድጃው ብቻ ይሁን፤ ሙሉ ጭነቱን ይዞ ይሥራ፤ ዳቦው ሲወጣ ይጥፋ። የምድጃውን በር ላስቲክና የግድግዳውን ሙቀት መያዣ ያስፈትሹ፤ የሚያፈስ በር ከናፍጣ ሻጭ አይሻልም። ሊጡ ኩፍ ብሎ መብራት የሚጠፋበትን ችግር ደግሞ በእርሾ ልክና በቀዝቃዛ ውሃ ጥቂት ሰዓት ማዘግየት ይቻላል፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ማስታወሻዎ መብራት በብዛት የሚጠፋው በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ካሳየዎት የመጋገሪያ ሰዓትዎን መቀየርም ይቻላል።

ቀብዱን ካልከፈሉ አይክፈሉ። ከከፈሉ ሻጩ አራት ነገሮችን ጽፎና ፈርሞ እንዲሰጥዎት ያድርጉ፤ አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ መልሶ ስንት እንደሚሰጥ፣ ጋዙ በስንት ባር ግፊት በምን ዕቃ እንደሚቀመጥ፣ ሃይድሮጅኑና ኦክስጅኑ ተለይተው መውጣታቸውን። ወረቀቱን ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ላሉ የኬሚካል ወይም የኤሌክትሪክ መምህራን ያሳዩት። መጻፍ እምቢ ካለ ቀብድዎን ያስመልሱ፤ በዚያው ብር የምድጃውን በር ያሳድሱ።